ሐሙስ የሚወሰድ ሻንጣ

ሰውየው ትንሽ የእጅ ቦርሳ ከስፌት መኪናው አጠገብ አስቀመጠና ቁጭ በል ሳይባል የደንበኛ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ዚፑ አልዘጋ እንዳለው ነገራት። አነጋገሩ ትሁት ነው፤ እንኳን ሰው ዝንብ የሚነካ አይመስልም።

ቦርሳ ሰፊዋ ዚፑን ወዲያ ወዲህ አመላለሰችው። ምንም አልያዛትም። መንገደኛ ሲጨንቀው ደህናውንም የተበላሸ ይመስለዋል ብላ አለፈችው፤ እንደ ልማዷም ቀልድ ጀመረች። በዚህች ጠባብ ክፍል ሃያ ዓመት ሙሉ መንገደኛ ስታይ ኖራለች። አብዛኛው አውቶቡሱ ሊነሳ አንድ ሰዓት ሲቀረው የተቀደደ ሻንጣ ታቅፎ እያለከለከ ይመጣል፤ እሷም እየሰፋችለት «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ትለዋለች። አንተስ ከየትኛው ወገን ነህ ብላ ጠየቀችው።

ሰውየው ሳቀ። እሱ በዕለቱ ነው የሚያሰናዳው፤ ሁለት ሸሚዝና የጥርስ ብሩሽ ይበቃዋል። ሚስቱ ግን ሌላ ናት። ለሁለት ቀን ዘመድ ጥየቃ እንኳ ስትሄድ ከአሥር ቀን በፊት ሻንጣዋን ሞልታ በር ሥር ታቆመዋለች። ከሰው ዕቃ እንዳይምታታባት ደግሞ እጀታው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ታስራለች።

የቦርሳ ሰፊዋ እጅ ዚፑ ላይ ቀረ።

ከጀርባዋ፣ ግድግዳው ሥር፣ በአሮጌ አንሶላ የተሸፈነ ሻንጣ ቆሟል። ከአርባ ቀን በፊት አንዲት ወጣት ባዶውን አምጥታ አደራ ብላታለች። ባሏ ሥራ ላይ በሚሆንበት በስድስት ሰዓት ብቅ እያለች በየቀኑ አንድ አንድ ነገር ትጨምርበታለች፤ አንዱን ቀን ሹራብ፣ አንዱን ቀን የልጇን የክትባት ካርድ። በአንድ ቀን ሁለት ነገር አትይዝም። ቤቷ የጎደለውን የሚቆጥር ሰው አለ።

ቦርሳ ሰፊዋ በልቧ «ባለ ረጅም እጅጌዋ» ትላታለች። በዚያ ሁሉ ሙቀት እጅጌዋን ሰብስባ አታውቅም። አንድ ቀን ሻንጣውን ስታነሳ እጅጌው ወደ ላይ ሸሸ፤ ቦርሳ ሰፊዋ የበለዘውን ክንዷን አየች፣ አልጠየቀችም። ለደስታ የሚሄድ ሰው በዋዜማው ያሰናዳል። አርባ ቀን ቀድሞ የሚያሰናዳ ሰው ከምን እንደሚሸሽ ለማወቅ ጥያቄ አያስፈልግም። ወጣቷ የለመነቻት ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ስሟን እንዳትጽፍ፣ ስልክም እንዳትደውል። ስልኩን የሚያነሳው እሱ ነው።

«አሁን ግን በር ሥር ምንም የለም፣ እናቴ» አለ ሰውየው በዝግታ። «ቁም ሳጥኑ ነው የከሳው።»

ልብስ መቼም ያልቃል ብላ ነገሩን ልታለዝበው ሞከረች። ድምፅዋ ለራሷም ቀጥኖ ተሰማት። የግድግዳው ሰዓት አምስት ሰዓት ተኩል ይላል። ወጣቷ ልትመጣ ግማሽ ሰዓት ነው የቀራት፣ ይሄ ሰው ደግሞ የሚቸኩል አይመስልም።

ተነሣ። የተሰቀሉትን ቦርሳዎች እንደ ገበያተኛ እያየ ዞረ። ግድግዳው ጋ ሲደርስ የእግሩ ኮቴ ቆመ። ቦርሳ ሰፊዋ ዞራ ማየት ፈራች፤ መርፌዋን እንደ አዲስ ነገር አፍጥጣ ታየው ጀመር። ኮቴው ተመለሰ።

እስክሪብቶና ወረቀት ያዘች። እዚህ ቤት የገባ ዕቃ ሁሉ የሚወሰድበት ቀንና ሰዓት ተጽፎ እጀታው ላይ ይንጠለጠልበታል፤ ሃያ ዓመት እንዲህ ነው። መቼ ትወስደዋለህ አለችው።

«ሐሙስ» አለ። «ሐሙስ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት።»

ጻፈችው። እሱም አመስግኖ፣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ።

ያን ጊዜ ዞረች። አንሶላው እንዳለ ነው። እጀታው ግን እንደ ሌላው ሻንጣ ሁሉ ወደ ውጪ ወጥቷል፤ ወረቀቱ እንዲነበብ ሁልጊዜ የምታወጣው እሷው ናት። አረንጓዴው ጨርቅ አለ። ከጨርቁ ጎን ወረቀቷ ተንጠልጥላለች፤ በራሷ ጽሑፍ፣ በትልልቁ፣ «ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት» ትላለች። ስም አትጻፊ ተብላ ስም አልጻፈችም። ቀን አትጻፊ ያላት ግን አልነበረም፤ እጇ ከልማዱ ጽፎታል። አመል ያወጣል ከመሐል ይላሉ፤ የእሷ አመል ግን ያጋለጠው የሰው ልጅ ነው። እሱ ተቀምጦበት የነበረው በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

ስድስት ሰዓት ሲል ወጣቷ ገባች። ፊቷ ፈክቷል። ሁለት ቀን ብቻ እኮ ነው የቀረኝ አለች፣ ከሻርፗ ሥር የልጇን ጫማ እያወጣች። አንድ እግር ነው፤ የቀኙ።

ቦርሳ ሰፊዋ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችና አንድ ሳታስቀር ነገረቻት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጄ» አለች። «ይቅርታሽን ሌላ ጊዜ እለምናለሁ። አሁን በጓሮ በር ውጪ፣ ልጅሽን ከትምህርት ቤት አንሺና የስምንት ሰዓቱን አውቶቡስ ያዢ።»

ወጣቷ አላለቀሰችም። ጫማውን በሁለት እጇ እንደያዘች ቆመች።

«ግራውን ነገ ነበር የማመጣው፣ እትዬ።»

ከዚያ ጎንበስ ብላ የቀኙን ጫማ ከአርባ ቀን ዕቃዋ በላይ አስቀመጠች፣ ዚፑንም እስከ ጫፍ ሳበችው። የግራው አልጋ ሥር ብቻውን ነው። ሰውየው ቤት ደርሶ ከሆነ አሁን እያየው ነው።