እጅ መንሳት

«አይሆንም!» አልኩ። «ልጄ ለሰው አታጎነብስም። እኛ የምናጎነብሰው ለአላህ ብቻ ነው።»

አሰልጣኟ ጃለኔ ጥቁር ቀበቶዋን ጠበቅ አድርጋ አየችኝ። ዕድሜዋ ከሃያ አምስት አይዘልም። ከኋላዋ ነጭ የለበሱ አሥር የሚሆኑ ሴት ልጆች ተሰልፈው እኔኑ ያዩኛል። ልጄ ሂዳያ ጎኔ ቆማ እግሯን እግሯን ታያለች። ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው።

ያናደደኝ፣ ቤቱን ወድጄው ነበር። በር ላይ «ጫማ አውልቁ» ሲሉኝ፣ ይኼስ እንደ መስጊድ ነው ብዬ ደስ እያለኝ ገባሁ። ወንድ የለበትም። ሻሽ ይፈቀዳል። አዳራሹ ከአናጢ ቤት ጀርባ ስለሆነ ሰጋቱራ ሰጋቱራ ይሸታል፣ እሱም አይከፋም። አምቦ ውስጥ ካየናቸው የቴኳንዶ ክለቦች ይኼ ሦስተኛው ነው። አንደኛው «ሻሿን ታውልቅ» አለ። ሁለተኛው ከጎረምሳ ጋር ሊያጋጥማት ፈለገ። እዚህ ስደርስ አልሐምዱሊላህ ብዬ ሳልጨርስ፣ ይቺ ልጅ «መጀመሪያ የምንማረው እጅ መንሳት ነው» አትለኝ መሰላችሁ!

ሌላ ምርጫ ቢኖረኝ ጥዬ እወጣ ነበር። ግን ሚስቴ ነዒማ ቁርጡን ነግራኛለች፤ ልጅቷ ራሷን መከላከል መማር ካልጀመረች በዚህ ሳምንት ወራቤ፣ አክስቷ ዘንድ ትሄዳለች፣ በቃ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ድልድዩ ጋ የሚቀመጡ ዱርዬዎች ሻሿን ይጎትቱባታል። ሁለት ጊዜ ሄጄ ጮህኩባቸው። ይበተኑና በማግስቱ እዚያው ናቸው። ባለፈው ወር ግንባሯ አብጦ መጥታ፣ ነዒማ ልቧ ሊወጣ ነበር፤ ደግነቱ በር ነው የመታት። ሂዳያ አምቦ ተወልዳ አምቦ ያደገች ናት፣ «ወራቤ» ሲባል እህል አይወርድላትም። እኔስ ብሆን? እሷ የሌለችበት ቤት ምን ቤት ነው?

«ኦቦ ሰዲቅ» አለችኝ ጃለኔ፣ «እጅ መንሳት እኮ እጅ መስጠት አይደለም።»

ወይ ጉድ! እሷ አፏን የፈታችው በኦሮምኛ፣ እኔ በስልጥኛ፤ የሁለታችንም ባልሆነ ቋንቋ እንዲህ ትረታኛለች።

«ልጄ፣ ቃል አታሳምሪብኝ» አልኳት። «ሃምሳ ዓመቴ ነው። ከሶላት ውጪ ለማንም ሰው አጎንብሼ አላውቅም!»

አፌን ሳልዘጋ በሩ ሲጢጥ አለ። አናጢው ኦቦ ነገራ የጠገኑትን አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ገቡ። ኦቦ ነገራ ማለት፣ በዚያ በክፉው ጊዜ ቤተሰቤን ይዤ ስሸሽ፣ ሦስት ቀን ሱቄ በር ላይ ተቀምጠው የጠበቁልኝ ሽማግሌ ናቸው።

መቼ ወደ እሳቸው እንደሄድኩ አላውቅም። ወንበሩን ተቀብዬ አስቀመጥኩና፣ ግራ እጄን ከቀኝ ክንዴ ሥር አድርጌ፣ «አከም ጅርቱ፣ ኦቦ! አከም ጅርቱ!» እያልኩ ዝቅ አልኩ። ዝቅ ስል፣ ዝቅ ስል፣ ኮፍያዬ ከራሴ ላይ ወደቀ።

«ነጋ፣ ነጋ፣ ሰዲቄ!» ብለው ሰላምታዬን መለሱልኝ። ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርገው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ቀና አልኩ። ከዚያ አንዷን ልጅ ሳቅ አፈተለካት፣ ሌሎቹም ተከተሏት። ሂዳያ ኮፍያዬን አንስታ አቀበለችኝ።

«አባ፣ ይኼስ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ይኼማ ሰላምታ ነው!»

«የኛም ሰላምታ ነው» አለች ጃለኔ። እሷ አልሳቀችም፣ ይኼን አልክድም። «ካልፈቀዱ ግን ግድ የለም፣ እሷ ትተወው። እጇን ደረቷ ላይ ታድርግ፣ ይበቃል። እኔ ግን ለተማሪዬ እጅ ሳልነሳ አላስተምርም።»

ለልጅ? ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ? ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት ነው ልል ስል፣ ጃለኔ ሂዳያ ፊት መጥታ ቆመች። እግሮቿን ገጠመች። ጎንበስ አለች።

ሂዳያ ዓይኗን ጨፍና በሁለት ክንዷ ራሷን ሸፈነች።

ሳቁ ቆመ። ልጄ አንገቷን ትከሻዋ ውስጥ ቀብራ፣ ክንዶቿን ግንባሯ ላይ ጭና፣ የሚመጣውን ትጠብቃለች። ሰው ፊቷ ጎንበስ የሚለው ድንጋይ ሊያነሳ እንደሆነ ታውቃለች። ስለ ሻሹ ነግራን ነበር። ስለ ድንጋዩ አንድም ቀን አልነገረችንም። በር ነው የመታኝ ብላን፣ እኛም አምነን፣ በሩን ዘይት ቀብቼው ነበር።

ኦቦ ነገራ ያመጡት ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

ጃለኔ ቀና አላለችም። እንዳጎነበሰች ሁለት መዳፎቿን ገልብጣ ዘረጋች። ባዶ ናቸው። ሂዳያ ዓይኗን ገልጣ በክንዷ ሥር አየቻቸው።

መጀመሪያ አንደኛው ክንድ ወረደ። ሁለተኛው ቆየ፣ በጣም ቆየ፣ ከዚያ እሱም ወረደ።

ጃለኔ ቀና ያለችው ያኔ ነው።