ጥሬው ላፕቶፕ

በዚያ ዘመን የትኛውም ስልክ ሆነ ላፕቶፕ የተጻፈበትን ሳያለሰልስ አይልክም ነበር። ጆሯቸው የማይሰማው የትርንጎ እናት «ልጄ እንዲህ ማር የመሰለ ቃል አትናገርም፤ ሌላ ሰው ነው የሚጽፍልኝ» ብለው ለመልእክቶቿ መልስ መስጠት ካቆሙ ዓመት አልፏቸው ነበር።

ትርንጎ «ጥሬ» የተባለውን፣ ምንም የማያርም ብርቅ የኮምፒውተር ማስነሻ ሲስተም በፍላሽ ይዛ መርካቶን አሰሰች። አሥራ አንድ ላፕቶፕ አልቀበልም አላት። አሥራ ሁለተኛው፣ ክዳኑ የተሰነጠቀው፣ ተቀብሎ ተነሣ!

«እህቴ፣ ይሄን አሮጌ?» አለ ባለሱቁ።

«እሱኑ! ንክች እንዳታደርገው!»

እዚያው ቆማ ለእናቷ ጽፋ ላከች፦ «እማዬ፣ የግፊት መድኃኒትሽን ካልዋጥሽ መጥቼ አንቄ ነው የማስውጥሽ!»

ወዲያው ስልኳ ጮኸ። መስማት የማይችሉት እናቷ ራሳቸው ደውለው፣ እየሳቁም እያለቀሱም ጮኹባት፦

«አንቺ ባለጌ! የት ጠፍተሽ ነው እስከ ዛሬ?»