እፍ

የድሮ ጌሞች ሙዚየም ለመክፈት ደፋ ቀና ሲል የከረመው ሰውዬ ቴሌቪዥኑ ፊት ተንበረከከ። ስክሪኑ ላይ አንድ ትንሽ ሰው እንደዘለለ አየር ላይ ቀርቷል። የቤቱ ልጅ ማሙሽ «መጣሁ እማዬ፣ እንዳታጠፊው» ብሎ ጌሙን ባለበት አቁሞ ሄደ፤ በወጣበትም ቀረ። እናትየው ለመብራት መጥፋት ባትሪ ሳይቀር ገዝተው እስከዛሬ አላጠፉትም።

«እኔ ሳልፍ ማን ያይልኛል? ብቻ እንደበራ ውሰደው» አሉት።

«እናቴን፣ እንደበራ» አለ። የመንገዱንም ባትሪ ይዞ መጥቷል። እሳቸው ከጌም ማሽኑ ስር የሚነጠፍ ፎጣ ሊያመጡ ጓዳ ገቡ።

ማሽኑ ላይ የተሰካውን የጌሙን ካሴት ማንም ደፍሮ ስላልነካው አቧራ ጠጥቷል። ሰውዬው ደግሞ በጌም ያደገ ነው፤ አቧራ ሲያይ እጁ ከሐሳቡ ቀድሞ ካሴቱን ነቀለና፣ እንደ ልጅነቱ፣ እፍ አለበት።

ስክሪኑ ጨለመ። በድንጋጤ መልሶ ሰክቶ ቢያስነሳው የጌሙ መክፈቻ ዘፈን ቤቱን ሞላው።

«ማሙሽ፣ ድምፁን ቀንሰው፤ አደነቆርከኝ እኮ» አሉ እናትየው ከጓዳ፣ እንደ ድሯቸው።

ሰውዬው እጁን ካሴቱ ላይ እንደጫነ ቀረ። ዘፈኑ አልቆ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ እናትየው ግን ከጓዳ አልወጡም።