ሦስት ፎጣ

ሰባተኛው ዙር ላይ መዶሻው ጆሮ ግንዱን ተመታ። መዶሻው የቡጢ ስሙ ነው፤ ለአሰልጣኙ ግን አማቹ፣ የአንድያ ልጁ ባል ነው። አሰልጣኙ «ራስህን ሸፍን!» እያለ ከሪንጉ ጥግ ብድግ ሲል የራሱ መላጣ ከጥጉ ብረት ጋር ተላተመ። ምን ቸገረው! ያ መላጣ በሠላሳ ዓመት ያላየው ጉድ የለም። እሱን ያስጨነቀው የአማቹ ራስ ነው።

ልጁ ጠዋት በር ላይ አስቁማ አስጠንቅቃዋለች። የሰባት ወር እርጉዝ ናት።

«አባዬ፣ ባለፈው ተመቶ ሲመጣ ሁለት ቀን ስሜ ጠፍቶት ነበር። ዛሬም ጭንቅላቱን ከተመታ አስቁመው። አይ ብለህ ነካ አድርጎት ቢመጣ፣ የልጅ ልጅህን በፎቶ ነው የምታየው።»

ቀልዷን አልነበረም። አባቷም ያውቃታል፤ ካለች አለች ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ቀበቶው አለ። አሰልጣኙ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ሻምፒዮን አላወጣም። የሚያሠለጥናቸው ቦክሰኞች ሁሌ ፍጻሜ ይደርሱና እዚያ ላይ ይረታሉ። የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ሁለተኛ» የሚለው ለዚህ ነው። ዛሬ ይህን ስም ለማስቀየር የቀረው ሦስት ዙር ብቻ ነበር።

ሐኪሙ ወደ ጥጋቸው መጣ። ደወሉ ግን አላቆም ብሏል። ማን እንደሆነ እንጃ፣ ዝም ብሎ ይቀጠቅጠዋል።

መዶሻው አልቀመጥም ብሎ ቆሟል። እልኸኛ! በርጩማው ባዶውን ከሚውል ብሎ አሰልጣኙ ራሱ ተቀመጠበት።

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ባትሪ አበራ። የዛሬ ዘመን ሐኪም ማብራትም አያውቅበት፤ ብርሃኑ የአሰልጣኙን ዓይን አጠፋው።

«ዛሬ ምን ቀን ነው?» ሲል ጠየቀ።

መዶሻው አፉን ከፍቶ አማቱን ያያል።

ቀኑ እንኳ ጠፋው! ግን የጥግ ሥራ እንዲህ ነው፤ ቦክሰኛው ይተነፍሳል፣ አሰልጣኙ ይናገራል። ቶሎ ብሎ «ሐሙስ!» አለለት።

ሐኪሙ ቀና ብሎ መዶሻውን አየው። መዶሻው ራሱን ነቀነቀ።

«ይኼስ ስንት ጣት ነው?»

መዶሻው አሁንም አማቱን ያያል።

«አራት ነው፣ አራት!» አለ አሰልጣኙ። «ትንፋሹን ይሰብስብ እንጂ ሰውዬ፣ ምን ታዋክበዋለህ?»

ሐኪሙ ጣቶቹን አጥፎ ማስታወሻው ላይ ይጽፍ ጀመር። ጻፈ፣ ጻፈ፣ ገጹን ገለበጠ።

«ስንተኛ ዙር ላይ ነን?»

«ሰባተኛው አሁን አለቀ! ይኼም ይጠየቃል?»

መዶሻው እንባ አቀረረ። ይህን የሚያህል ወጠምሻ ያለ ነገር አያለቅስም። ይባስ ብሎ ጓንቱን አውልቋል። ጤነኛ ሰው በግጥሚያ መሃል ጓንቱን ያወልቃል? ኧረ ጉድ!

ወዲያ ማዶ ተጋጣሚው ሸሚዝ ለብሶ ሙዝ ይልጣል። ንቀት! ተመልካቹም ተስፋ ቆርጦ እብስ ብሏል። የቀረችው የአዳራሹ ጠራጊ ናት፤ ሁለት እርጥብ ጨርቅ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወንበር ትደረድራለች። ሰው ሊወድቅ ሲል ወዳጁ ሁሉ ይሸሻል ማለት ይኼ ነው።

አሰልጣኙ ሐኪሙን አፋጠጠው።

«ቁርጡን ንገረኝ። ይቀጥላል ወይስ አይቀጥልም?»

«ማን?»

«ማን ይላል እንዴ! ይኼ ነዋ!»

«እሱማ ደህና ነው።»

ደህና ነው! የአሰልጣኙ ደም ፈላ። አንድም ጥያቄ ያልመለሰ ሰው ደህና ነው! ይኼን ሐኪም ማን አስተምሮ ለቀቀው?

ቢሆንም ቀበቶው ዓይኑ ላይ መጣበት። ሦስት ዙር። ሦስት ዙር ብቻ! ወደ አማቹ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀው።

«ትችላለህ?»

«አባባ፣ እኔ ምንም አልሆንኩም። እርስዎ ብቻ ረጋ ይበሉ።»

ምንም አልሆንኩም! ተመታሁ ብሎ የሚያምን ቦክሰኛ የት ይገኛል? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ጭንቅላትም ያው ነው።

በቃ። ጋሽ ሁለተኛ እንደተባለ ይሙት፤ የልጅ ልጁን ግን በእጁ ይታቀፍ። ፎጣ ወደ ሪንጉ ከተወረወረ ነገሩ አለቀ፤ እጅ ሰጥተናል ማለት ነው። እጁን ወደ ገመዱ ሰደደ። ጠዋት በገዛ እጁ ሦስት ፎጣ ሰቅሎ ነበር፤ አሁን ያለው አንድ ብቻ ነው። ሌባ ሁላ! ያንኑ አንዱን ነጥቆ፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ሪንጉ መሃል ወረወረው።

«ይኼው! ተሸነፍን! ለልጄ ባሏን አተረፍኩላት!» ብሎ ጮኸ።

ተጋጣሚው ሙዙን ጎርሶ ቀረ። ጠራጊዋ ወደ ሪንጉ ወጥታ ፎጣውን አነሳችና ከሌሎቹ ጋር ትከሻዋ ላይ ደረበችው።

መዶሻው ወደ ሐኪሙ ዞረ።

«አየህ ዶክተር? ካሸነፍን ወዲህ ሲወረውሩ ይኼ ሦስተኛቸው ነው።»