ከአሥር ዘጠኝ

አምቦ ውስጥ፣ ከአንድ ፎቶኮፒ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ቲቸር ኤልያቄም ከሰዓት በኋላ እንግሊዝኛ ያስተምራል። ሰዋስው አይወድም። «ቋንቋ የሚለመደው ሲያወሩት ነው» ይላል። ስለዚህ ተማሪዎቹን ስለ ዝናብ ያስወራቸዋል፤ ስለ መንገዱ አቧራ ያስወራቸዋል፤ ሲመቸው ደግሞ ሐሜት ያለማምዳቸዋል።

ያን ሰሞን በጉደር መንገድ አዲስ ሆቴል ሊከፈት ነበር። ሆቴሉ አንዲት እንግዳ ተቀባይ ይፈልጋል፤ ቲቸር ከተማሪዎቹ አንዷን እንዲልክ ተጠይቋል። እሱም አሥር የንግግር የቤት ሥራ ሰጥቶ፣ ብዙውን የሠራችውን እንደሚልክ ለክፍሉ ተናገረ።

ሄቨን ነገሩ ያለቀለት መሰላት። ከክፍሉ የሷን ያህል የሚያወራ የለም። ሥራውን ካላገኘች ግን እናቷ ቁርጡን ነግረዋታል፦ ከመስከረም ጀምሮ እንጭኒ ሄዳ የአክስቷ በርበሬ መደብር ውስጥ ትቀመጣለች። ሄቨን እንጭኒን ገና ስታስበው ያስነጥሳታል።

ተፎካካሪ አለሽ ከተባለች አንዷ ብቻ ናት፤ ከሸነን የመጣችው አያንቱ። አያንቱ የቤት ሥራዋን ሁሉ ትሠራለች። ስትናገር ግን አንገቷን ትደፋለች፤ ድምፅዋም ከፊተኛው ወንበር አያልፍም።

«አንቺ፣ ሆቴሉ ውስጥ ስልክ ሲደወል በእጅሽ ምልክት ነው የምትመልሺው?» ትላታለች ሄቨን።

ክፍሉ ይስቃል። አያንቱም አብራ ትስቃለች።

አራተኛው የቤት ሥራ ሐሜት ነበር።

«የሰው ስም የሚያጠፋ አልፈልግም» አለ ቲቸር። «ቀለል ያለ ወሬ ፍጠሩ። ፊታችሁ ሳይለዋወጥ በእንግሊዝኛ ንገሩ። አንድ ሰው ካመናችሁ አልፋችኋል።»

ሄቨን ተነሳችና ቲቸር በቅርቡ እንደሚያገባ፣ ቀለበት ሲያማርጥ በዓይኗ እንዳየችው አወራች። ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ልጆች ከምራቸው እንኳን ደስ ያለህ አሉት።

የአያንቱ ተራ ደረሰ። ተነሳች። አፏን ከፈተች። ላብ አጠመቃት። ተቀመጠች።

«አንቺ ውሸት አይሆንልሽም መሰለኝ» አለ ቲቸር እየሳቀ። መዝገቡ ላይ የአያንቱን አራተኛ ሣጥን ባዶ ተወው። «እስከ መጨረሻው ቀን ጊዜ አለሽ። አትጨነቂ።»

በዚያው ሳምንት አንድ አዲስ ተማሪ ገባ። ፍጹም ይባላል። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። ሱፍ ለብሶ ይመጣል፤ ከኋላ ይቀመጣል፤ የሚሰማውን ሁሉ በትንሽ ደብተር ይጽፋል። ሰው ሲያናግረው «የስ» ይላል እንጂ ሌላ ቃል አይወጣውም።

ያቺ ትንሽ ደብተር ሄቨንን ከነከነቻት። «ደግሞ ይሄ ምንድን ነው የሚጽፈው?» ብላ ክፍሉን ሁሉ ጠየቀች። የሚያውቅ አልነበረም።

በሳምንቱ ከክፍል ወጥተው ደረጃውን ሲወርዱ አያንቱ ክንዷን ያዝ አደረገቻት። ፊቷ ቀልቷል። የሚተላለፈው ሰው እንዳይሰማቸው ይመስላል፣ በእንግሊዝኛ፣ አንድ አንድ ቃል እየለቀመች ነገረቻት። ያ ሰውዬ ተማሪ አይደለም። ሆቴሉ የላከው ነው። የምትቀጠረውን የሚመርጠው እሱ እንጂ ቲቸር አይደለም።

«ማን ነገረሽ?» አለች ሄቨን በአማርኛ።

አያንቱ ግን ከእንግሊዝኛዋ አልወጣችም። አክስቷ ለሆቴሉ መጋረጃ እንደምትሰፋ፣ እዚያ እንደሰማች ተናገረች። ለማንም እንዳትነግርባትም ለመነቻት።

ሄቨን አንጀቷ ራሰ። እንዲህ ያለ ነገር ለተፎካካሪ ይነገራል? ምን ዓይነት የዋህ ናት!

ከማግስቱ ጀምሮ ከፍጹም ጎን ተቀመጠች። ሳቋን አሳመረች፤ እንግሊዝኛዋን አፈሰሰችው።

«ኦቦ ፍጹም፣ አምቦ ተመችቶዎታል?»

«የስ።»

«እኔ እንግዳ መቀበል ከልጅነቴ ነው የምወደው።»

«የስ» አለና ደብተሩ ላይ ጻፈ።

ሄቨን መጻፉን ስታይ ነጥብ የያዘላት መሰላት። አሥረኛው የቤት ሥራ በሚሰማበት ቀን ከተማውን ላስጎብኝዎት ብላ ይዛው ወጣች። ፍል ውሃውን አሳየችው። ገበያውን አዞረችው። ቲቸር ቢደውልላት፣ «ማሎ ቲቸር፣ እባክህ፣ ዛሬ ትልቅ ጉዳይ ይዣለሁ!» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ቲቸር መዝገቡን ከመክፈቱ በፊት ፍጹም እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ይቅርታ፣ በአማርኛ ልናገር» አለ። «እኔ ትምህርቱን ሀ ብዬ ልጀምር። መሥሪያ ቤቴ እንግሊዝኛ ካልቻልክ እድገት የለም ስላለኝ ነው የመጣሁት። እህቴ ሄቨን እግዜር ይስጣት፣ ከተማውን ሁሉ አሳይታኛለች። የምትለውን ግን አልሰማሁም። ቃሉን በአማርኛ ፊደል እየጻፍኩ ቤቴ ገብቼ መዝገበ ቃላት ላይ እፈልገዋለሁ። አንዱንም አላገኘሁት።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሄቨን የእንጭኒው በርበሬ ሽታ መጣባት። ዞራ አያንቱን በዓይኗ ወጋቻት። ይህች የገጠር ልጅ፣ የሰማችውን ሳታጣራ! እኔስ ብሆን ምን አስቤ ነው የሷን ወሬ የሰማሁት?

«ሄቨን፣ ዘጠኝ» ሲል አነበበ ቲቸር። «አሥረኛው ቀርቶብሻል። አያንቱ፣ አንቺም ዘጠኝ።»

ሄቨን እፎይ አለች። እኩል ለእኩል ከሆኑ ደግሞ ዲዳ የሚቀጥር ሆቴል የለም።

ቲቸር ባዶዋን ሣጥን በስክሪብቶው ጫፍ መታ መታ አደረጋት።

«አንቺ ልጅ፣ የቀረችሽ ሐሜቷ ብቻ ናት። በዚህ ሁሉ ጊዜ ወሬሽን የሚያምንሽ ሰው ጠፋ?»

አያንቱ ተነሳች። ሄቨንን ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው አየት አደረገቻትና ቀና አለች።

«አንድ ሰው ብቻ ነው ያመነኝ፣ ቲቸር» አለች፣ ድምፅዋ እስከ ኋለኛው ወንበር እየተሰማ፣ በጠራ እንግሊዝኛ።