መንገድ ላይ

ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጫኚው አንዲት የዛገች የቢራ በርሜል እየገፋ መጣ። በርሜሎቹ ላይ የተለጠፈውን ምልክት የፋብሪካው በር ላይ ያለው ማሽን ሳይነካ በአየር ያነበውና ይጮኻል፤ የአንድ ጉዞ በርሜሎች ተመልሰው ሲያልቁ የሾፌሩ ስም ከስክሪኑ ይጠፋል። ሾፌር የነበረው የበር ተቆጣጣሪዋ ባል ከነመኪናው ወንዝ ገብቶ ከሞተ ዓመት አልፎታል፤ አንዲት በርሜል ስለጎደለች ግን ከስሙ አጠገብ አሁንም «መንገድ ላይ» ይላል።

«እትዬ፣ የጋሼ በርሜል ተገኘች! እንደ ጌታዋ ግትር ናት፤ ስንት ጊዜ ተደብቃ!» አለ ጫኚው።

ተቆጣጣሪዋ ተነስታ ምልክቱን በመዳፏ ሸፈነችው። ብረቱ በቀብሩ ቀን እንደነካችው የባሏ እጅ ይበርዳል። እጇን ሳታነሳ ከበርሜሏ ጋር በሩን አለፈች። ማሽኑ ዝም አለ።

«አልጮኸም እኮ፣ እትዬ።»

«ካልጮኸ አልገባማ፣ ወንድሜ።»

ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ባሏ መንገድ ላይ ነበር።