የበዓታ ማታ ጨረቃ

ፈዬራ በአዳማ ዳኛ ደጅ ሲጠና ሦስት ክረምት አለፈው። ጠበቃ መሆን ነበር ሐሳቡ ሁሉ። ባለጉዳዮች ግን ችሎቱ ደጅ ካለው ግራር ሥር ቆሞ እያዩት አልፈውት ወደ ጠበቃው ወደ ነገሪ ይሄዳሉ። አንዱ «መጀመሪያ ጢም አብቅል» አለው። አንዲት መበለት እሺ ብላው ነበር፤ ችሎት ሲጠራ ነጠላዋን አስተካክላ ነገሪ ኋላ ቆመች።

«ይሄ ልጅ ግራሩን ተደግፎ ነው ወይስ ግራሩ እሱን?» ይል ነበር ነገሪ። ሰዉ ይስቃል።

በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃያ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ላይ፣ ዳኛው ራሳቸው አስጠሩት።

«እስከ ጥምቀት አንድ ባለጉዳይ ይዘህ ካልቀረብክ፣ ዳግመኛ ከደጄ እንዳላይህ።»

ፈዬራ እጅ ነሥቶ ወጣ።

በታኅሣሥ፣ የበዓታ ለታ ማታ፣ የገርባ የጤፍ ክምር ተቃጠለ። ገርባ ሀብታም ነው፤ ጮኸ፣ ተሰማለት። ወሩ ሊያልቅ ሲል የአካባቢው ወንድ ሁሉ ለአውጫጭኝ ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። ጥፋተኛው ሳይታወቅ ወደ ቤቱ የሚገባ የለም። እንደ ደንቡ እያንዳንዱ እየተነሣ በሽማግሌው በኦቦ ወዬሳ ጆሮ ይናገራል። ያየ ሰው ስሙ አይወጣም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ይባላል። ሽማግሌው የወፏን ማንነት ላያወጡ ምለዋል።

በሁለተኛው ቀን ኦቦ ወዬሳ ተነሡ።

«ወፍ ጉተማ ነው ብላለች። የቀረውን ቃሏን ዳኛ ፊት እናገራለሁ።»

ጉተማ ከጥንድ በሬ በቀር ምንም የሌለው ገበሬ ነበር። ክሱ ከጸናበት በሬዎቹ ለገርባ ይሰጣሉ፤ እሱም በገበያ ቀን ይገረፋል። ነገሪ ለገርባ ቆመ። ለጉተማ የሚቆም ጠፋ።

ፈዬራ ወደታሰረበት ሄደ።

«አንተ?» አለ ጉተማ እግር ብረቱን እያንቀጫቀጨ። «የግራሩ ልጅ! ይሄ ነው የቀረኝ?»

«ሌላ ማን አለህ?»

ጉተማ ጥርሱን ነከሰ። «ወፏ ነገሪ ናት። በድንበር ተጣልተን ቂም ይዞብኛል። ብቻ ይረጋገጥልኝ፤ ዋቃ ይስማኝ፣ አንገቷን በእነዚህ እጆቼ ነው የምጠመዝዘው!»

ፈዬራ ከዘበኛው ውሃ ለምኖ ጠጣ።

«እንግዲህ ወክለኝ» አለ።

«ወክዬሃለሁ።»

በችሎቱ ዋዜማ ፈዬራ ሼህ አብደላ ሱቅ ገባ። ጥቂት አወሩ። ሲወጣ፣ ጧት ችሎቱ ላይ እንዲገኙለት ለመናቸው።

በማግስቱ ኦቦ ወዬሳ ቀረቡ። ፈዬራን ከጉተማ ጎን ሲያዩት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆም አሉ።

«ለዚህ ሰው የምትቆመው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ ኦቦ።»

ሽማግሌው ትንሽ አይተውት ወደ ዳኛው ዞሩ። «ወፍ እንዲህ አለች። ‹እሳቱ ሳይነሣ ጉተማ ወደ ክምሩ ሲሄድ ፊቱን በጨረቃ ብርሃን አይቻለሁ።›»

«ከዚህ ወዲያ ምን ይምጣ፣ ጌታዬ?» አለ ነገሪ።

ፈዬራ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣ።

«ጌታዬ፣ ሼህ አብደላ ይጠየቁልኝ። የረጀብ ወር ጨረቃ የወጣችው መቼ ነው?»

ሼሁ ከሰዉ መሃል ተነሡ። «ወላሂ፣ የበዓታ ማግስት ማታ ነው ያየናት፤ እንደ ክር ቀጥና። በበዓታ ማታማ ጨረቃ የምትባል የለችም። መስጊድ የነበረ ሁሉ ይመስክር።»

ነገሪ ዞሮ ገርባን አየው።

ዳኛው ጢማቸውን ዳበሱ። «በሌለች ጨረቃ ፊት አይታይም። ጉተማ ይፈታ።» ቀጥለውም ወደ ፈዬራ አገጫቸውን ቀሰሩ። «አንተ፣ ከነገ ጀምሮ ከጠበቆቹ ጋር ቁም።»

ጉተማ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። እንባውን ሲጠርግ ግን ዓይኑ ነገሪ ላይ ነበር። ያች መበለት ሳትቀር ባለጉዳዮች ፈዬራን ከበቡት።

ኦቦ ወዬሳ ሰዉ እስኪበተን ጠበቁ። ከዚያ ቀስ ብለው ተጠጉትና ወደ ጆሮው ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ ያን ዕለት ሜዳው ላይ በጆሮዬ ስትነግረኝ፣ የጨረቃዋን ነገር ሆን ብለህ ነው የጨመርካት?»